የጤና መድንና ወጪው፤ በእንግሊዝ አገር ከ1911 እስከ 1956 ስለ ተደረገው የፖለቲካ ክርክር

መንግሥት የሕዝቡን ጤና በመድን ሕግ ለመጠበቅ በተነሣበት አገር ሁሉ ከተቃዋሚዎች ዘንድ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበትን መንገድ መመርመር የማንኛውም ዜጋ መብት፣ የሕዝብ እንደራሴ ደግሞ ግዴታው ነውና። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ጥያቄውን ሰምቶ ብቻ ማለፍ የለበትም። ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ጠየቀ፣ «ወጪ» ሲልም ምን ማለቱ እንደ ሆነ መለየት ይገባዋል። በዚህ አጭር ጥናት በእንግሊዝ አገር ከ1911 የመድን ሕግ ጀምሮ እስከ 1956ቱ የምርመራ ኮሚቴ ሪፖርት ድረስ የተደረገውን ክርክር እንመለከታለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፣ ስለ አገራችን በሚናገረው የመጨረሻ ክፍል ግን የኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጠቅሷል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በአርባ አምስቱ ዓመት ውስጥ «ወጪው በዛ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት ልዩ ልዩ ክርክሮች ተሸፍነው ኖረዋል። አንደኛው፣ መንግሥት ሰውን ሳይፈቅድ ማስከፈል ይገባዋል ወይ? የሚለው የነፃነት ክርክር ነው። ሁለተኛው፣ ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው? የሚለው የፍትሕ ክርክር ነው። ሦስተኛው፣ አገሪቱ ይህን ለመክፈል አቅም አላት ወይ? የሚለው የሒሳብ ክርክር ነው። ሦስቱን መለየት ያልቻለ ሰው የተቃዋሚዎቹንም እውነት የደጋፊዎቹንም እውነት ያጣል።

1. የ1911 ሕግ

የመድንን ነገር ለማስረዳት ለእኛ አገር ሰው ብዙ ቃል አያስፈልግም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ተረት የመድንን ጠቅላላ ሥርዐት ይናገራል። እድርተኛም ባልሞተበት ወር መክፈሉ ሐዘን በመጣበት ቀን ብቻውን እንዳይቀር ነው። በእንግሊዝ አገርም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሠራተኞች በየሰፈራቸውና በየሙያቸው ተሰብስበው የመረዳጃ ማኅበሮች አቋቁመው ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት ፔኒ እየከፈሉ ሲታመሙ ገንዘብና ሐኪም ያገኙ ነበር። ዳሩ ግን ወደነዚህ ማኅበሮች መግባት የቻለው ቋሚ ሥራና ደኅና ደመወዝ የነበረው ሰው ነው። የቀን ሠራተኛውና ምንዝሩ ከደጅ ቀሩ።

ጀርመን በ1883 በቢስማርክ ዘመን የበሽታ መድን ሕግ አውጥታ ነበር። በዚያ ሕግ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍሉ ነበር። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ በ1908 ወደ ጀርመን ሄዶ የመድኑን ሥራ ከተመለከተ በኋላ፣ በግንቦት 1911 የራሱን ረቂቅ ለፓርላማ አቀረበ። ሕጉም በታኅሣሥ 1911 ጸደቀ። በሕጉ መሠረት ወንዱ ሠራተኛ በሳምንት 4 ፔኒ፣ አሠሪው 3 ፔኒ፣ መንግሥት 2 ፔኒ ይከፍላሉ። ሎይድ ጆርጅም «በአራት ፔኒ ዘጠኝ ፔኒ» እያለ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። የታመመው ሠራተኛ ሐኪምና መድኃኒት ያገኛል፤ ከሥራ ቀርቶ በተኛበት ጊዜም ለወንድ በሳምንት 10 ሺሊንግ ይሰጠዋል።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ በነፃነት ስም የቀረበ ነው። ሕጉ አሠሪውን በየሳምንቱ ቴምብር ገዝቶ በሠራተኛው ካርድ ላይ እንዲለጥፍ ያስገድደው ነበር። በኅዳር 1911 በለንደን አልበርት አዳራሽ ታላላቅ እመቤቶች ከገረዶቻቸው ጋር ተሰብስበው «ቴምብር አንልስም» ሲሉ ተቃወሙ። ጋዜጦችም ነገሩን እያጋነኑ አወሩ። ይህን ስብሰባ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ በሳቅ ያልፉታል። ሆኖም በውስጡ የነበረው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። መንግሥት በእያንዳንዱ ወጥ ቤት ገብቶ በእመቤትና በገረድ መካከል ሒሳብ ሲያስይዝ ይህ የመጀመሪያው ነበርና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከግራው ወገን መጣ። ፊሊፕ ስኖውደንና ጆርጅ ላንስበሪን የመሳሰሉ የሠራተኛ ፓርቲ ሰዎች ድኻው ለራሱ በሽታ ከደመወዙ እንዲቈረጥበት አይገባም፤ ገንዘቡ ከባለጸጎች በሚሰበሰብ ግብር መሸፈን አለበት ብለው ተከራከሩ። የክርክራቸው ኃይል በቀላል ሒሳብ ይታያል። በሳምንት 20 ሺሊንግ፣ ይኸውም 240 ፔኒ፣ የሚያገኝ ሠራተኛ 4 ፔኒ ሲከፍል ከደመወዙ ከስልሳ አንዱን እጅ ይሰጣል። 40 ሺሊንግ የሚያገኘው ግን ያንኑ 4 ፔኒ ሲከፍል የሚሰጠው ከመቶ ሃያ አንዱን እጅ ነው። ስለዚህ እኩል መዋጮ እኩል ሸክም አልነበረም። ቢያትሪስ ዌብም በበኩሏ፣ ገንዘቡ በሽታን ለመከላከል መዋል ሲገባው ሰው ከታመመ በኋላ ለማስታመም ይውላል ስትል ነቀፈች።

ሦስተኛዎቹ ተቃዋሚዎች ሐኪሞቹ ነበሩ። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በሚከፈለው ገንዘብ ማነስና በመረዳጃ ማኅበሮች ሥር በመታዘዝ ምክንያት አባሎቹ በመድኑ እንዳይሠሩ አሳሰበ። መንግሥት በ1912 መጨረሻ ክፍያውን ከፍ ሲያደርግ በጥር 1913 ሐኪሞች በብዛት ተመዘገቡ። በዚህ ረገድ የወጪው ክርክር ልዩ መልክ ነበረው። ሌሎቹ ወጪው በዛ ሲሉ ሐኪሞቹ ወጪው አነሰ ይሉ ነበር።

ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን የታየው ትልቁ ጉድለት ከነዚህ ተቃውሞዎች በአንዱም በጉልህ አልተነገረም። መድኑ የሸፈነው ሠራተኛውን ብቻ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ሐኪም አያገኙም። ከሳንባ ነቀርሳ በቀር የሆስፒታል ሕክምናም በመድኑ አልተካተተም። ወጪው የተቈጠበው እናቶችንና ሕፃናትን ከደጅ በመተው ነበር ማለት ነው። በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ያልተጻፈው ይህ ወጪ ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሲከፈል ኖረ፤ የከፈሉትም የታመሙት ራሳቸው ናቸው።

2. የቤቨሪጅ ግምትና የ1948 አዲስ ሥርዐት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በታኅሣሥ 1942፣ ሰር ዊልያም ቤቨሪጅ ስለ ማኅበራዊ መድን ያቀረበው ሪፖርት ለመላው ሕዝብ የሚሆን የጤና አገልግሎት እንዲቋቋም አሳሰበ። በሪፖርቱ ውስጥ ስለ ወጪ የተሰጠው ግምት ለጥናታችን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ቤቨሪጅ የጤናው አገልግሎት በ1945 170 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚፈጅ፣ በ1965ም ያው 170 ሚሊዮን እንደሚሆን ገመተ። ምክንያቱም አገልግሎቱ እየሰፋ ቢሄድም ሕዝቡ እየዳነ ስለሚሄድ የታማሚው ቍጥር ይቀንሳል፤ ሁለቱም ይመዛዘናሉ የሚል ነበር።

ይህ ግምት ስሕተት ሆነ። በሽታ እንደ ጕድጓድ ውኃ ተቀድቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከሕፃንነት በሽታ የዳነው ሰው አርጅቶ በሽምግልና በሽታ ይታመማል። ትናንት መድኃኒት ላልነበረው ሕመም ዛሬ መድኃኒት ሲገኝለት ያ መድኃኒት ዋጋ አለው። በዚህ ነገር የወጪው ተቺዎች ከደጋፊዎቹ ይልቅ አርቀው አይተዋል ብንል ሐሰት አይሆንም።

ከጦርነቱ በኋላ የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት ያዘ። የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን የዌልስ ማዕድን ቈፋሪ ልጅ ነበር፤ እርሱም ራሱ በልጅነቱ ወደ ማዕድን ጕድጓድ ወርዷል። ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሕግ በ1946 ሲወጣ ወግ አጥባቂው ፓርቲ በሁለተኛውና በሦስተኛው ንባብ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ሐኪሞቹም በየካቲት 1948 በተደረገ የማኅበራቸው ድምፅ ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሕጉን ነቀፉ። ቤቫን ሐኪሞችን የመንግሥት ደመወዝተኛ ለማድረግ እንዳላሰበ በሕግ ለማረጋገጥ ቃል ከገባላቸው በኋላ ተቃውሞው ላላ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 አገልግሎቱ ተከፈተ።

አዲሱ ሥርዐት በስሙ ከመድን ጋር ቢያያዝም በሥራው ከ1911ዱ የተለየ ነበር። አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከግብር ነው፤ ከመድን መዋጮ የመጣው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ስኖውደንና ላንስበሪ በ1911 የጠየቁት ነገር በአመዛኙ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

በሩ ሲከፈት የሆነው ሁሉ መንግሥትን አስደነገጠ። በመጀመሪያው ዓመት ከ5 ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጥርሳቸውን ለመታከም መጡ። ወጪው ከታሰበው በላይ ስለ ሆነ መንግሥት ተጨማሪ በጀት ለመጠየቅ ተገደደ። ተቺዎቹም ይህንኑ ይዘው ተነሡ። ነገር በነጻ ሲሰጥ ሰው ሳያስፈልገው ይወስዳል፤ ይህም የአገር ሀብት ማባከን ነው አሉ።

ይህን ክስ በርጋታ መመርመር ይገባል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በነጻ ተገኘ ብሎ የደኅና ዐይኑን በመነጽር ይሸፍናል ወይም ደኅና ጥርሱን ያስነቅላል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። ይልቁንም ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ከገበያ መደብ ላይ ያገኙትን መነጽር በግምት እየለኩ ሲኖሩ እንደ ነበር፣ የጥርስ ሕመማቸውንም ችለው እንደ ኖሩ ይታወቃል። በ1948 የታየው ጎርፍ ለብዙ ዘመን ተገድቦ የኖረ ውኃ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ያለፈውን ዘመን ዕዳ ጨምሮ ስለያዘ፣ በእርሱ የሚመጣውን ዘመን መለካት ትክክል አልነበረም።

3. የ1951 መከፋፈል

የወጪው ክርክር እጅግ የመረረው በተቃዋሚዎችና በመንግሥት መካከል ሳይሆን አገልግሎቱን ባቋቋመው ፓርቲ ውስጥ ነው። በ1949 በወጣ ማሻሻያ ሕግ በእያንዳንዱ የሐኪም ማዘዣ እስከ 1 ሺሊንግ ለማስከፈል ሥልጣን ተሰጠ፤ ነገር ግን በሥራ ላይ አልዋለም። በሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። እንግሊዝም በሦስት ዓመት ውስጥ 4,700 ሚሊዮን ፓውንድ ለጦር መሣሪያ ለማውጣት ወሰነች። አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሂው ጌትስኬል በሚያዝያ 1951 ባቀረበው በጀት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ዋጋ ላይ ታካሚው ግማሹን እንዲከፍል አደረገ። ከዚህም በዚያው ዓመት 13 ሚሊዮን፣ በሙሉ ዓመት ደግሞ 23 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲገኝ ታሰበ።

ቤቫን ሚያዝያ 22 ቀን 1951 ሥራውን ለቀቀ። ሃሮልድ ዊልሰንና ጆን ፍሪማንም ተከተሉት። ቍጥሮቹን እናነጻጽር። የጦር መሣሪያው ወጪ ለሦስት ቢካፈል በየዓመቱ ከ1,500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይሆናል። ከጥርስና ከመነጽር የሚገኘው 13 ሚሊዮን ከዚህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጠቡ ስለ ገንዘቡ ብዛት ብቻ ሊሆን አይችልም። ጌትስኬል ማንኛውም አገልግሎት፣ የተወደደው እንኳ ቢሆን፣ ወሰን ሊኖረው ይገባል የሚል መሠረተ ሐሳብ ይዞ ነበር። ቤቫን ደግሞ ታካሚ በደጅ ላይ ከተከፈለ አገልግሎቱ ስሙን ያጣል፤ ዛሬ በጥርስ የተጀመረ ነገ ወደ ሌላው ይደርሳል ባይ ነበር።

ሁለቱም በከፊል እውነት ነበራቸው። የሠራተኛው ፓርቲ በጥቅምት 1951 ከሥልጣን ወረደ። ወግ አጥባቂዎቹም በሰኔ 1952 በሐኪም ማዘዣ ላይ 1 ሺሊንግ፣ በጥርስ ሕክምናም ላይ እስከ 1 ፓውንድ አስከፈሉ። ቤቫን የፈራው ደረሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን፣ በ1965 ሃሮልድ ዊልሰን ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የማዘዣውን ክፍያ ቢያነሣም፣ በ1968 አገሪቱ በገንዘብ ስትጨነቅ እርሱው መልሶ አስከፈለ። ጌትስኬል ያሳሰበውም ደረሰ። በ1951 ከሥልጣን ለመውጣት ምክንያት የሆነውን ነገር በ1968 በገዛ እጅ መፈጸም የፖለቲካ ሰው ዕጣ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል።

4. የጊልቦ ኮሚቴ

ወግ አጥባቂው መንግሥት ወጪውን የሚቀንስበትን መንገድ ለማግኘት በ1953 በካምብሪጅ የኢኮኖሚ ምሁር በክሎድ ጊልቦ ሊቀ መንበርነት ኮሚቴ አቋቋመ። ብዙ ሰው ኮሚቴው ብክነትን ያጋልጣል ብሎ ጠበቀ። ለኮሚቴው ሒሳቡን የሠራው ብራያን ኤብል ስሚዝ የተባለ ወጣት ምሁር ሲሆን ያማከረውም ሪቻርድ ቲትመስ ነው። እነርሱም ማንም አስቀድሞ በሚገባ ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁ። ወጪው በፓውንድ ሲቈጠር ስንት ነው? ከማለት ይልቅ፣ ገንዘቡ ከረከሰበትና የሕዝቡ ቍጥር ከጨመረበት መጠን ጋር ተነጻጽሮ፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ሀብት ስንተኛው እጅ ነው? አሉ።

መልሱ የተጠበቀው አልሆነም። በጥር 1956 የወጣው ሪፖርት እንዳሳየው፣ የጤናው አገልግሎት በ1949–50 ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከመቶ 3¾ ይወስድ የነበረ ሲሆን በ1953–54 ወደ 3¼ ወርዶ ነበር። በገንዘብ ሲቈጠር የጨመረ የመሰለው ከአገሪቱ አቅም ጋር ሲመዛዘን ቀንሷል። ከዚህም በላይ ለሆስፒታል ሕንጻዎች ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሲሶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወጪን ሊቀንስ የተቋቋመ ኮሚቴ ለሆስፒታሎች ተጨማሪ ገንዘብ እንዲወጣ አሳስቦ ሥራውን ፈጸመ።

ከዚህ የምንማረው ተቺዎቹ ሁሉ ሐሰተኞች ነበሩ ማለትን አይደለም። ኮሚቴውን ያስቋቋመው የነርሱ ውትወታ ነው፤ ያለ እርሱ እውነተኛው ሒሳብ ባልታወቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታትም የጤናው ወጪ ከአገሪቱ ሀብት የሚወስደው እጅ እጅግ አድጓል። ስለዚህ የ1956 መልስ ለሁሉ ዘመን የሚሆን መልስ አይደለም። የሚጸናው ጥያቄው ነው፤ ቍጥር ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ከምን ጋር እንደ ተመዘነ መታወቅ አለበት።

5. ለእኛ የሚጠቅመው

ይህ ክርክር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ከደመወዙ ከመቶ ሦስት ሠራተኛው፣ ከመቶ ሦስት አሠሪው እንዲያዋጡ የታሰበ ሲሆን፣ ከሠራተኞች በኩል በተነሣ ቅሬታና በዝግጅት ማነስ ምክንያት ሥራ ላይ መዋሉ ደጋግሞ ተላልፏል። ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መክፈል ለማይችሉት ድኾችም መንግሥት እንዲከፍልላቸው ተደርጓል።

ስለነዚህ ሕጎች ስንከራከር የእንግሊዞቹን ሦስት ጥያቄዎች ለይተን ብንይዝ እንጠቀማለን። «ከደመወዜ አይቈረጥ» የሚለው መምህር የሚያነሣው የነፃነት ነገር ነውን፣ ወይስ ገንዘቤን ሰጥቼ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት አላገኝም የሚል የእምነት ነገር? ሁለተኛው ከሆነ መልሱ በስብከት አይገኝም፤ መድኃኒቱን በመደርደሪያው ላይ በማስቀመጥ ነው። እኩል መዋጮ ሲጣል ባለ አንድ ጥማድ በሬውና ባለ ብዙ ጥማዱ እኩል ይሸከማሉን? ተብሎም ይጠየቅ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታካሚው ሲበዛና ሒሳቡ ሲጐድል፣ መድኑ ከሸፈ ለማለት ከመቸኰላችን በፊት፣ ሳይታከም የኖረው ሕዝብ ዕዳ መሆኑን እንመርምር።

ከሁሉ በላይ ግን የ1911 ሕግ ሚስቶችንና ልጆችን ከደጅ ትቶ ርካሽ መስሎ እንደ ታየ አንርሳ። መድን የሌለው ሰው ሲታመም በሬውን ይሸጣል፤ በሬው የተሸጠበት ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለሌላ በእኩል ያርሳል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በመንግሥት በጀት ላይ ስለማይጻፍ ግን ማንም በሸንጎ ተነሥቶ «በዛ» አይልም። የጤናን ዋጋ የሚያሰላ ሰው የተጻፈውን ከመደመሩ በፊት ያልተጻፈውን ፈልጎ ይቍጠር።